ድባቴንና ፍቅርን በሚተርክ ምናባዊ ልብ ወለድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በብዙ የምናባዊ ልብ ወለድ (ፋንታሲ) ረቂቆች ላይ ቀድሞ የሚታየው ስህተት ድባቴን፣ ማለትም ዲፕሬሽን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም፣ በአየር ጠባይ መተካት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በከፋት ቁጥር ጭጋግ ይወርዳል፣ ቁራ ይጮኻል፣ ቤተ መንግሥቱ በጥላ ይዋጣል፤ አንባቢው ግን በውስጧ ስለሚሆነው ነገር አንዳች አያውቅም። ድባቴ የሚገለጠው በጥቃቅን ነገሮች ነው፦ ጎህ ሳይቀድ ነቅቶ ዳግም እንቅልፍ ማጣት፣ ከምሽቱ ይልቅ ማለዳው መክበዱ፣ ከሁለት ቀሚሶች አንዱን መምረጥ እንኳ ማቃቱ። ሻማን በአንድ ቃል ማብራት የምትችል አስማተኛ ያቺን ቃል ለመናገር ታክቷት በጨለማ ስትቀመጥ ማየት ከአሥር ገጽ ጭጋግ የበለጠ ይናገራል።

ድባቴን ከሐዘን ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ሐኪሞች ድባቴ ነው የሚሉት ምልክቶቹ ቢያንስ ለ2 ሳምንታት፣ በየዕለቱ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዘው ሲቆዩ ነው፤ ስለዚህም በአንድ ምዕራፍ አልቅሳ በሚቀጥለው ድግስ ላይ የምትደንስ ሴት ያዘነች እንጂ የታመመች አትመስልም። ሕመሙም ሁልጊዜ የሞተ እጮኛ ወይም የተቃጠለ ከተማ አያስፈልገውም።

እጅግ የከፋው ስህተት ግን ፍቅርን መድኃኒት ማድረግ ነው። የዘውጉ ልማድ ራሱ ወደዚህ ይገፋል፤ እርግማን በመሳም ይፈታልና ደራሲው ድባቴንም እንደ እርግማን ቆጥሮ በአንድ መሳም ይገላገለዋል። መዘዙ ሕመሙ ሲያገረሽ ይታያል፦ ወይ አፍቃሪው በቂ አልነበረም፣ ወይ እርሷ ከልቧ አልወደደችውም ማለት ይሆናል። በእውኑ ዓለም ድባቴ ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ሕመም ነው፤ መድኃኒቶቹ እንኳ ለውጣቸው እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ይወስዳሉ። አፍቃሪው ሊያደርግ የሚችለው ከዚያ ያነሰና፣ በእኔ ግምት፣ ለትረካ ይበልጥ የሚመች ነገር ነው፦ ውኃ ያቀርባል፣ መልስ ባያገኝም ከበሩ ሥር ተቀምጦ ያወራል፣ «ምን በደልኩሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርሷም «ምንም» ስትለው መልሷ እውነት መሆኑን ማመን ያቅተዋል። ይህ ከየትኛውም ተቀናቃኝ ልዑል የበለጠ ግጭት ይወልዳል። እርሱም ይሰልች፣ ይቆጣ፣ የራሱ ምኞት ይኑረው፤ ያለዚያ አስታማሚ እንጂ አፍቃሪ አይሆንም።

የአስማቱን ሕግ በእንጥልጥል መተው ሌላው ጉድለት ነው። ፈዋሾቹ የተሰበረ አጥንት በአንድ ሌሊት የሚገጥሙ ከሆነ አእምሮን የማይፈውሱት ለምንድን ነው? አስማቱ ከሰው ፍላጎት የሚቀዳ ከሆነ ግን፣ ሕመሙ የሚነጥቀው ያንኑ ፍላጎት በመሆኑ፣ ድባቴው የሴራው አካል ይሆናል።

ጭካኔን በድባቴ ማመካኘትም ይቅር፤ ዝምተኛው ልዑል ስለታመመ ብቻ የሚወዳትን ማዋረዱ የፍቅር ምልክት ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

ሞትን ማስዋብ ደግሞ ከገጹ ውጭም መዘዝ አለው። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1774 ያሳተመውን «የወጣቱ ዌርተር ሐዘን» የተባለ ልብ ወለድ የሊፕዚግ ከተማ በ1775 ያገደችው አንባቢዎች እንደ ባለታሪኩ እንደ ዌርተር ራሳቸውን ያጠፋሉ ተብሎ ስለተሰጋ ነበር፤ የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪው ዴቪድ ፊሊፕስም በ1974 ባወጣው ጥናት፣ የጋዜጣ ዘገባዎችን ተከትሎ ራስን የማጥፋት ቁጥር መጨመሩን በዌርተር ስም ሰይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዘዴው እንዳይዘረዘር፣ ድርጊቱም እንደ መፍትሔ እንዳይቀርብ ይመክራል። በምናባዊ ልብ ወለድ ይህ ስህተት መልኩን ለውጦ ይገባል፦ ሴትዮዋ ሐይቁን ተሻግራ በጥላው ዓለም ከውዷ ጋር ትገናኛለች፤ አንባቢውም ነገሩን እንደ ሠርግ ያየዋል። እንዲህ ያለ ፍጻሜ የታቀደ ከሆነ ከሐይቁ ወዲህ የቀሩት ሰዎች ምን እንደሚሆኑ የሚያሳይ ምዕራፍ መጨመር፣ አሊያም ፍጻሜውን ከነአካቴው መቀየር ያስፈልጋል።