ገባ ማለት የሷ ነው ማለት አይደለም፦ የጦርነት ዘመን ካሚዮንና ጂፕ ስታድሱ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ «የድሮ የአሜሪካ ጂፕ ዕቃ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አለ» ነው፤ ገና ምን እንደምትፈልጉ ሳትናገሩ። ከዚያ አንድ ልጅ ይላካል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ ዝገት የበላው ብረት በጆንያ ተጠቅልሎ ይመጣል። ትለኩታላችሁ፣ ይገባል፣ ትገዙታላችሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ ሞዴል በአንድ ፋብሪካ ብቻ አልተሠራም። አንዱ አቅራቢ አላደርስም ሲል ሌላው ይገባል፣ ብረት ሲጠፋ እንጨት ይተካል፣ መሐንዲሱ ዛሬ ያሻሻለው ነገር ነገ መስመሩ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ መኪናዎች አሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ እዚህ አገር የኖሩት ሁሉ ሰባ ምናምን ዓመት በስንት መካኒክ እጅ አልፈዋል። ገባ ማለት የሷ ነው ማለት አይደለም።

የፋብሪካ ዓመቶችን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከመኪናው በፊት ታሪኩን መግዛት

«ይቺ ጂፕ ጃንሆይ ሲገቡ አብራ የገባች ናት።» ይህን ያልሰማ ሰው የለም። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ ሜይ 1941 መሆኑ ነው። ዊሊስ ኤም ቢ የሚባለው ጂፕ ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ፎርድ የሠራው ጂ ፒ ደብልዩ በ1942 ተከተለ። ገና ያልተወለደች ጂፕ ጃንሆይን ልታጅብ አትችልም። በዚያ ዘመቻ በኬንያ በኩል ከመጣው የደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር የነበሩት ፎርድና ሸቭሮሌት ካሚዮኖች ናቸው።

ይሄ ለክርክር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ታሪኩን ካመናችሁ ዕቃውንም በታሪኩ ዓመት ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይዛባል። ብዙዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች ወደዚህ የመጡት ከ1945 ዓ.ም. የወታደራዊ ስምምነት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከፊታችሁ የቆመችው ጂፕ ጭራሽ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራች ኤም 38 ልትሆን ትችላለች። ቆንጆ መኪና ናት፣ ግን ሌላ መኪና ናት።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ስህተትም አለ፦ «መሪው ቀኝ ነው፣ ስለዚህ እንግሊዝ ነው» ማለት። የጣልያን ከባድ ካሚዮኖችም መሪያቸው ቀኝ ነበር። ፊያት 634፣ አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት፣ ቀኝ ነው። ላንቻም ቀኝ ነው። በተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ ገደሉን አጎንብሶ ማየት እንዲችል ይባላል። ካናዳ የተሠሩት የጦር ፎርድና ሸቭሮሌቶችም ለእንግሊዝ ጦር ስለነበሩ ቀኝ ናቸው። እኛም ራሳችን እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስንነዳ ነበር። መሪ ብቻውን አገር አይነግራችሁም።

ላንቻን ካነሳሁ አይቀር፣ «ላንቻ ሮ» እና «ላንቻ 3ሮ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በጀርመኑ ዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ ሁለት ሲሊንደር ያለው ናፍጣ ሞተር ነው፤ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። 3ሮ ላይ አምስት ሲሊንደር ያለው የላንቻ የራሱ ሞተር መጣ። ለሮ የቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን፣ ጓርኒሲዮን የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ በትሕትና አስቀምጡትና ንገሩት፦ ያ ሞተር ቴስታታ የሚባል ነገር የለውም።

«ያው ጂፕ ነው»

አይደለም። ጂፑን ዊሊስም ፎርድም ሠርተውታል፣ ሁለቱ ተደምረው ከ600 ሺህ በላይ። ውሉ ዕቃቸው እርስ በርስ እንዲቀያየር ያስገድድ ስለነበር አብዛኛው ነገር ይገባል። የሚያሳስተውም ይኸው መግባቱ ነው።

መጀመሪያ ከፊት ጎንበስ በሉና ከራዲያተሩ ሥር ሻሲውን የሚያያይዘውን ብረት እዩ። ክብ ቱቦ ከሆነ ሻሲው ዊሊስ ነው። አራት ማዕዘን መልክ ያለው፣ የታጠፈ ላሜራ ከሆነ ፎርድ ነው። ይሄ ከቀለም በታች የማይዋሽ ምልክት ነው፣ ምክንያቱም እሱን ለመቀየር የሚደክም መካኒክ የለም። ቀጥሎ ቁጥሩ። ፎርድ ቁጥሩን የመታው በግራው የሻሲ ክንድ ላይ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት አካባቢ ነው። ዊሊስ ደግሞ ከፊት ፓራውልት ኋላ፣ በግራው ክንድ የውስጥ ገጽ ላይ ትንሽ ሳህን በሪቬት መትቷል። ሳህኑ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ቁጥር የላትም፣ ፎርድ ናት» አትበሉ፤ ቱቦውን እዩ።

ፎርድ ኩራተኛ ኩባንያ ስለነበር በየዕቃውና በየቡሎኑ ጭንቅላት ላይ «ኤፍ» ፊደል አሳርፏል። ሰው ይህን ያነብና አንድ ኤፍ ያለበት ቡሎን ባየ ቁጥር «ፎርድ ናት!» ብሎ ይጮኻል። የጦሩ ጥገና ጣቢያዎች መኪናዎችን እየፈቱ ከተከመረው ዕቃ ሲገጥሙ ይሄ የማነው ብለው አልጠየቁም። ኤፍ ያለበት ባሌስትራ ዊሊስ ላይ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። አንድ ኤፍ ምንም አይደለም፤ አክስሉም፣ ሻሲውም፣ ቅንፎቹም ላይ ካለ ያኔ እናወራለን።

የፊቱ ፍርግርግም ተመሳሳይ ወጥመድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዊሊሶች ፍርግርጋቸው ከጠፍጣፋ ብረት ተበይዶ የተሠራ ነበር። በኋላ ፎርድ ያመጣው ከአንድ ላሜራ የተቀረጸው ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሁለቱም ላይ ገባ። ሰባት ቀዳዳና ትልልቅ መብራት ካያችሁ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው፣ የሲቪሉ ሲጄ ወይም ኤም 38። የኋላ በር የሚከፈት ከሆነም እንደዚሁ።

አሁን ኪስ የሚጎዳው። የጦርነቱ ጂፕ ሞተርና የሲጄ ሞተር ሲታዩ መንታ ናቸው። የጦርነቱ ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ በሰንሰለት ነው የሚዞረው። ሲጄ ላይ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በማርሽ ተቀየረ፤ ማርሽ ከማርሽ ሲገናኝ ደግሞ ካምሻፍቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል፣ ስለዚህ የዘይት ፓምፑም ሌላ ነው። ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ «የጂፕ ዘይት ፓምፕ» ብላችሁ ካስያዛችሁ፣ የአክስት ልጅ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱና ከስጦታው ቦታ ቀንሶ ያመጣው ዕቃ በመልኩ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። መልሶ የሚወስደው የለም። የፊቱን የሞተር ሽፋን ሳትከፍቱ፣ ሰንሰለት ይሁን ማርሽ ሳታዩ፣ ምንም አታዝዙ።

ጂኤምሲ ላይ አንድ አክስል ብቻ መቀየር

ስለ ካሚዮን ከተነሳ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሲሲኬደብልዩ፣ ባለ ስድስት ጎማ ሁለት ቶን ተኩሉ ጂኤምሲ፣ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ስሙ ራሱ መታወቂያ ነው፦ የመጀመሪያው ሲ የ1941 ዲዛይን፣ ሁለተኛው ሲ ሞተሩ ከፊት የሆነ መደበኛ ጋቢና፣ ኬ የፊት ጎማ ይነዳል፣ ደብልዩ ሁለቱም የኋላ አክስሎች ይነዳሉ። ኬ ከሌለ የፊት ጎማው አይነዳም፤ «የፊት ዲፍረንሻሉን ሰርቀውታል» ብላችሁ ፍለጋ አትውጡ፣ ቀድሞም አልነበረውም። ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው 352 አጭሩ፣ 353 ረጅሙ ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማዎቹ መሐል ወደ 3.7 ሜትርና ወደ 4.2 ሜትር።

አክስሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቲምከን የሠራው፣ «ስፕሊት» የሚባለው፤ የዲፍረንሻሉ ቤት ከሁለት ግማሽ ተገጣጥሞ ዙሪያውን በቡሎን የታሰረ ነው። ሌላው ጂኤም ራሱ የሠራው «ባንጆ»፤ ቤቱ አንድ ወጥ፣ ከኋላው እንደ ድስት ክዳን ያለ ክብ ሽፋን ያለው። ከመኪናው ጀርባ ቆማችሁ በአንድ እይታ ትለያላችሁ።

አሁን የሰው ሐሳብ እንዲህ ይሄዳል፦ የመሐሉ አክስል ተሰበረ፣ ስፕሊት ነበር፣ ባንጆ በርካሽ ተገኘ፣ ባሌስትራው ላይ ይቀመጣል፣ በቃ። አይበቃም። ስፕሊት አክስል ያላት መኪና ኃይል የሚያከፋፍለው ካምቢዮዋም የቲምከን ነው፣ ባንጆ ያላት ደግሞ የጂኤም። የሚያገናኙት ዘንጎችም ይለያያሉ። አንዱን ብቻ ስትቀይሩ ዘንጉ ያጥራል ወይም ይረዝማል፣ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ታስቆርጡታላችሁ፣ ዘንጉን የሚያጋጥመው ክሮቼራ በማያውቀው ማዕዘን ይሠራል፣ እየበላ ይሄዳል። በመጨረሻ ደግሞ አንድም ያልሆነች፣ ሁለትም ያልሆነች መኪና። ወይ ስፕሊቱን ጠብቃችሁ ፈልጉ፣ ወይ ሙሉ ቤተሰቡን ግዙ፦ ሦስቱንም አክስል፣ አከፋፋዩን፣ ዘንጎቹን።

ጋቢናና ካሶኒም ላይ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ጋቢናው ዝግ የብረት ነበር፤ በኋላ ብረት ለመቆጠብና በመርከብ ለማጓጓዝ ሲባል ሸራ ጣሪያ ያለው ክፍት ጋቢና መጣ። ካሶኒውም ከብረት ወደ እንጨት ሄደ፣ ከዚያ ሁለቱን የቀላቀለ ተሠራ። እዚህ የእንጨት ካሶኒ ሲገኝ «የመርካቶ አናጢ የሠራው ነው» ተብሎ ይነቀልና ለማገዶ ይሄዳል። የፋብሪካው ሊሆን ይችላል። ቢያንስ የቡሎኖቹን አቀማመጥና የማዕዘን ብረቶቹን ፎቶ ሳታነሱ አትንቀሉ።

ቡሎን በግድ ማስገባት

የአሜሪካ መኪና በኢንች ነው። የእንግሊዝም በኢንች ነው፣ ግን ሌላ ኢንች ነው የሚመስለው። የጣልያን በሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንች የአሜሪካ ቡሎን፣ ጥርሱ ሰፊ የሆነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 13 ጥርስ አለው፤ የእንግሊዙ ዊትዎርዝ 12። የጥርሱም ማዕዘን 60 እና 55 ዲግሪ ነው። ዳዶው ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ መካኒኩ «ዝገት ነው» ይልና በረጅም ቁልፍ ይጫነዋል። ዝገት አልነበረም። የጥርስ መለኪያ ትንሽ ነገር ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ያዟት። ደግሞ ቀዳዳው ራሱ ድሮ በሌላ ጥርስ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ከቡሎኑ ይልቅ ያልተነካ ቦታ ፈልጋችሁ እዚያ ለኩ።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ አንድ ነገር ቀድማችሁ ተናገሩ፦ የአሜሪካ ጦር መኪናዎች የግራ ጎን ጎማ ዳዶ በተገላቢጦሽ ነው የሚፈታው። ብዙ ጊዜ «ኤል» የሚል ፊደል አለበት። ካልነገራችሁት በሙሉ ጉልበቱ እያጠበቀ ይሰብረዋል፣ ጥፋቱም የሱ አይደለም።

ቁጥር ሳያነቡ በአሸዋ ማስመታት

የድሮ ቀለም ይቀፋል፣ ይገባኛል። ግን በአሸዋ ከመታችሁት በኋላ የጠፋውን የሚመልስ የለም። ከቀለሙ ሥር የክፍል ቁጥር፣ የተቀባ የሠራዊት ምልክት፣ ስቱኮ ስር የተደበቀ የፋብሪካ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ጂፖች ከኋላ በግራ በኩል «ዊሊስ» ወይም «ፎርድ» የሚል ተቀርጾባቸው ነበር፤ ጦሩ በ1942 አስቀረው። ያን ጽሑፍ «ጎድጓዳ ነው» ብሎ በስቱኮ የሞላ ላሜራ ሠሪ አለ፣ አትጠራጠሩ።

ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ሲይዝ አብሮ የወጣው ቁጥርና የዕቃው መለያ ቁጥር አንድ አይደሉም። አንድ ዓይነት ቅርጽ ከቀለጠ በኋላ በሁለት መንገድ ተቦርቡሮ ሁለት የተለያየ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ገጠመ ብላችሁ አትግዙ፣ ቀዳዳዎቹንም ቁጠሩ። የቀለጠበት ቀን ካለ ግን ወርቅ ነው። አመክንዮው ቀላል ነው፦ መኪናው ለጦሩ ከተሰጠበት ቀን በኋላ የቀለጠ ብረት ከፋብሪካ አብሮት አልወጣም።

ጋቢና ውስጥ ያለውን የመረጃ ሳህን በተመለከተ ባጭሩ፦ አዲስ እየተመታ ይሸጣል። አራት ሪቬት ነው። ሻሲውን እመኑ። የሞተር ቁጥርም ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ፎርድ ጂፕ ላይ ሞተርና ሻሲ ከፋብሪካ በአንድ ቁጥር ይወጡ ነበር፣ ዊሊስ ላይ ግን ድሮውንም ይለያዩ ነበር። ካልገጠመ «የተሰረቀ ሞተር ነው» የሚል ወሬ አታሰራጩ።

ኤሌክትሪኩን በግምት

የጦርነቱ ጂፕ፣ ጂኤምሲና ዶጅ 6 ቮልት ናቸው። ኤም 38ና ዶጅ ኤም 37፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጡት፣ 24። 12 ቮልት ያለው የጦርነት ዶጅ ካገኛችሁ ወይ እዚህ ተቀይሯል ወይ የሬዲዮ መኪና ነበር፤ ሁለተኛው ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ሞተሪኖና ዲናሞ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ዕቃው ላይ የተመታውን ቮልት አንብቡ። 6 ቮልት ሞተሪኖ በ12 ባትሪ በደንብ ያስነሳል፣ ስለዚህ ሻጩ አስነስቶ ሲያሳያችሁ ምንም አላረጋገጠም።

የታደሰን መኪና መቅዳት

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የሚያምር የአውሮፓ ጂፕ ማስረጃ አይደለም። ባለቤቱም ከሌላ የታደሰ ቀድቶ ይሆናል። የጦሩ የራሱ መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፦ ለጂፑ ቲኤም 9-803፣ ለጂኤምሲው ቲኤም 9-801። የዕቃ ዝርዝሩ ደግሞ ለጂፕ ጂ-503፣ ለጂኤምሲ ጂ-508፣ ለባለ ሦስት ሩብ ቶን ዶጅ ጂ-502 በሚል ቁጥር ይፈለጋል። ዝርዝሩ ላይ ትልቁ ጥቅም ያለው ስዕሉ ሳይሆን ከጎኑ ያለው «እስከዚህ ተከታታይ ቁጥር»፣ «ከዚህ ቁጥር በኋላ» የሚለው ነው። ሰው ግን ስዕሉን አይቶ ገጹን ያጥፋል።

ከውጭ ስታዝዙ ለሻጩ የመኪናውን ስም አትላኩ። የሻሲውን ቁጥር፣ የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ከሁለት ጎን፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ መሐል ርቀት ተጽፎ ላኩ። እሱም እንደዚሁ የራሱን ዕቃ በማስመሪያ አንስቶ ይላክላችሁ። አልልክም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።