ፓኬጁ መጨረሻው ላይ ሲወድቅ፦ ሲስተምዲ የሌለበት ሊኑክስ

2 ጊጋ ራም ባለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ኤምኤክስ ወይም አንቲኤክስ የሚባሉትን ቀላል የሊኑክስ ዓይነቶች መጫን ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ማሽኑን አያጨናንቀውም። ጣጣው የሚመጣው ከፕሮግራሙ አምራች የወረደ የዴብ ፋይል (የመጫኛ ፓኬጅ) ሲጫን ነው። ሁሉም በሰላም ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ በሲስተምዲ (ማሽኑ ሲበራ ሌሎቹን ፕሮግራሞች በሚያስነሳው ማስነሻ) አልተነሳም የሚል መልእክት ይወጣና ጭነቱ ይቆማል።

ፋይሉን አጥፍተው እንደገና አያውርዱ። አልተበላሸም፤ የሚያልቀው የሞባይል ዳታዎ ብቻ ነው። ፓኬጅ ጫኙ ዲፒኬጂ መጀመሪያ ፋይሎቹን ቦታ ቦታ ያስይዛል፣ ከዚያ ፖስትኢንስት (postinst) የሚባለውን ስክሪፕት ያስኬዳል። የወደቀው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሲስተምዲ ማዘዣ የሆነውን ሲስተምሲቲኤልን (systemctl) ጠርቶ ሰርቪሱን (ከጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም) አስነሳ ይላል፣ የሚመልስለት የለም። ዴቢያን ከስሪት 8፣ ኡቡንቱ ከ15.04 ጀምሮ፣ ሁለቱም በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ሲስተምዲን መደበኛ ማስነሻ ስላደረጉ ብዙ ፓኬጅ አዘጋጆች ሌላ ማስነሻ መኖሩን ይዘነጋሉ።

መጀመሪያ 1 ቁጥር ፕሮሰስ ማን እንደሆነ ይዩ (ትዕዛዞቹ እዚህ በንባባቸው ነው የተጻፉት፤ ተርሚናል ላይ በቅንፍ እንዳለው በላቲን ፊደል ይጻፉ)፦

ፒኤስ -ፒ 1 -ኦ ኮም= (ps -p 1 -o comm=)

መልሱ ሲስተምዲ ከሆነ ችግርዎ ሌላ ነው። ኢኒት ወይም ረኒት ካለ ይቀጥሉ።

ኤምኤክስ 23 ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያስነሱ ከመነሻ ዝርዝሩ ተጨማሪ አማራጮች ውስጥ ሲስተምዲ የሚለውን ይምረጡ፣ ከዚያ፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ (sudo dpkg --configure -a)

ምንም ሳያወርድ የቀረውን ይጨርሳል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዘው ጭነቱ መሃል መብራት ቢሄድም መጀመሪያ የሚሞከረው ይኸው ትዕዛዝ ነው።

አንቲኤክስ ላይ ግን ስክሪፕቱን ራሱን መንካት ያስፈልጋል። ቫር፣ ሊብ፣ ዲፒኬጂ፣ ኢንፎ (/var/lib/dpkg/info) በሚለው ማውጫ ውስጥ በፓኬጁ ስም ጀምሮ በፖስትኢንስት የሚያልቀውን ፋይል በሱዶ ናኖ (sudo nano) ይክፈቱ። መጀመሪያ ቅጂ ያስቀምጡ። ሲስተምሲቲኤል የሚጠራውን እያንዳንዱን መስመር ፈልገው ከመጨረሻው ላይ ሁለት ቋሚ መስመርና ትሩ የሚለውን ቃል (|| true) ይጨምሩ፤ ያ መስመር ቢወድቅም ስክሪፕቱ ያልፋል። ሌላውን አይንኩ፤ ተጠቃሚ የሚፈጥሩና ፈቃድ የሚሰጡ መስመሮች እዚያው ስላሉ እነሱ ከተዘለሉ ፕሮግራሙ ተጭኖም አይሠራም። ከዚያ ከላይ ያለውን የዲፒኬጂ ትዕዛዝ ይድገሙ።

አሁን ፓኬጁ ተጭኗል፣ ሰርቪሱን የሚያስነሳው ግን የለም። በሰርቪስ የሚያልቀውን የፓኬጁን ፋይል ከፍተው ኤግዜክስታርት (ExecStart) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ትዕዛዝ ይቅዱና ኢቲሲ ውስጥ ባለው አርሲ.ሎካል (/etc/rc.local) ላይ፣ ኤግዚት 0 ካለ ከሱ በላይ፣ ይጻፉት። መጨረሻው ላይ የ«እና» ምልክቷን (&) አይርሱ፤ ካልተደረገች ፕሮግራሙ መስመሩን ይዞ ስለሚቀር ከሱ በታች ያለው አይሠራም። በዚያው የሰርቪስ ፋይል ውስጥ ዩዘር (User) የሚል መስመር ካለም በዚያ ተጠቃሚ ስም እንጂ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) አያስኪዱት።

ስናፕ በሚባለው ሌላ የፕሮግራም መጫኛ ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ ያለ ሲስተምዲ አይሠራም። አንቲኤክስ ላይ ሲስተምዲን ማስነሻ የሚያደርገውን ሲስተምዲ-ሲስቪ የሚባል ፓኬጅ በአፕት ለመጫን የሚያስብ ደግሞ «ዋይ» (Y) ቁልፍን ከመጫኑ በፊት የሚወገዱ ፓኬጆችን ዝርዝር እስከ ታች ያንብብ። ነባሩ ማስነሻ እዚያ ውስጥ አለ፤ ዴስክቶፑም አብሮ ከተዘረዘረ «ኤን» (N) ቁልፍን ይጫን።