ኤሚሬቶች ላይ ያልተዘጋ ጉዳይ እያለ ተመልሶ ለመሄድ ምን መደረግ አለበት?

ቪዛ ወጣ ማለት ክስ የለም ማለት አይደለም። ቪዛውን የሚሰጠው ኢሚግሬሽን ነው፤ ክሱ ያለው ደግሞ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ነው። አንዲት ዘመዳችን «ክስ ቢኖርብኝ ቪዛ ይሰጡኝ ነበር?» ብላ ሄዳ ፓስፖርት ማሳያው ላይ ተያዘች። ትታው የመጣችው የባንክ ብድር ነበር። ከዚህ ሆነን ጉዳዩን ለማስጨረስ ስንሯሯጥ የተማርነውን ነው የምጽፍላችሁ።

1. የድሮ ፓስፖርታችሁንና የኤሚሬትስ መታወቂያችሁን ፈልጉ። የድሮው የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስቲከር ላይ ዩአይዲ የሚባል ቁጥር አለ፤ ያስፈልጋችኋል።

2. ክስ መኖሩን አጣሩ። የዱባይ ፖሊስ አፕ በመታወቂያ ቁጥር የገንዘብ ክስ መኖሩን ያሳያል። ለአቡዳቢ «ኢስታፍሲር» የሚባል አገልግሎት አለ፤ እሱ የሚጠይቀው ዩአይዲውን ነው። ሁለቱም የሚያሳዩት የየራሳቸውን ግዛት ብቻ ነው። ሻርጃ ወይም አጅማን የሠራ ሰው፣ እንዲሁም አሠሪው «ጠፍቷል» ብሎ ያመለከተበት ሰው፣ በጠበቃ ያስጠይቅ።

3. ለጠበቃው ውክልና ላኩ። ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የኤሚሬቶች ኤምባሲ። እዚያ ሲደርስ በእነሱም ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፤ የዐረብኛ ትርጉምም ያስፈልገዋል። ሙሉ ውክልና ግን አትስጡ። መደራደር፣ መክፈል፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት መቅረብ፣ ክሊራንስ (ዕዳ የለም የሚል የባንክ ወረቀት) መቀበል ብላችሁ ዘርዝሩት። «ስምሽን ከሲስተም አስጠፋልሻለሁ» ለሚል ደላላ ደግሞ አምስት ሳንቲም አትስጡ።

4. ክፈሉና አዘጉ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ዕዳ ስለተከፈለ ክስ በራሱ አይዘጋም።

መጀመሪያ ከባንኩ ጋር ተደራደሩ። በአንዴ ለሚከፍል ሰው ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ገንዘቡም በባንኩ ሒሳብ እንጂ በሰው እጅ አይግባ። ከዚያ ክሊራንሱን ተቀበሉ። ክሊራንሱ ግን ለፖሊስ ምንም አይነግረውም። ባንኩ አቤቱታውን ማንሳት አለበት፤ ጠበቃው ያንን ይዞ የመያዣ ትዕዛዙንና የጉዞ እገዳውን ያሰርዛል። የተሰረዘበትን ወረቀት ሳታዩ ትኬት አትቁረጡ።

የጉዞ እገዳውን አቅልላችሁ አትዩት። የፍትሐ ብሔር ዕዳ ብቻ ከሆነ መግባት ትችሉ ይሆናል፤ መውጣት ግን ትከለከላላችሁ። ቼክም እንዲሁ ነው። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ በአብዛኛው ወንጀል መሆኑ ቀርቷል፤ ሆኖም ባለ ቼኩ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያሳግዳችሁ ይችላል።

5. ከመብረራችሁ በፊት ሁለተኛውን ደረጃ ድገሙት። ኦርጅናል ወረቀቶቹን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙ። የጠበቃውን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሞባይል ሊወሰድ ይችላል። ዓርብ ማታ አትግቡ። ቅዳሜና እሑድ አብዛኛው ቢሮ ዝግ ስለሆነ፣ ስማችሁ በስህተት ሳይሰረዝ ቀርቶ ቢገኝ የሚያጣራላችሁ ሰው እስከ ሰኞ አይገኝም።