ከጭንቅላት ምት በኋላ ብርሃንና ስክሪን እንዴት ይለመዳሉ?

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኔ የሚያልቀው ኮምፒዩተር ላይ፣ ኤክሴልና ፒችትሪ በሚባሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች ነው። የተሳፈርኩበት ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግንባሬ ከፊቴ ካለው ወንበር ብረት ጋር ተጋጨ። ራሴን አልሳትኩም፣ ሲቲ ስካኑም ንጹህ ነበር። ሐኪሙ «ኮንከሽን ነው» አለኝ፤ ቀላል የሚባለው የአንጎል ጉዳት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመስኮት ብርሃን ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። ስልክ ስከፍት ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል።

ይህን የምጽፈው እንደዚህ ለሆናችሁና እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ላለ ነው። ሲቲ የሚያሳየው በዋናነት የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ነው። ኮንከሽን የሚያውከው የአንጎልን አሠራር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ አይወጣም። «ምንም የለብሽም ተብለሻል እኮ» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ሕመማችሁ የእውነት ነው።

ከሁሉ በፊት አደገኛውን እንለይ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሳችሁ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ አንደበት ከተኮላተፈ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ሰውነት ከተንቀጠቀጠ፣ ሰውየው ከዘባረቀ ወይም ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይገኛል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምንም ባይሰማውም መታየት አለበት።

በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ስልኩን ለቤተሰብ ስጡ። እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ኮንከሽን በደረሰባቸው 125 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 ነበር። ለ48 ሰዓታት ከስክሪን ከራቁት መካከል ግማሾቹ በ3 ቀን ተኩል ውስጥ አገገሙ። ስክሪን ያልተከለከሉት ግን እዚያው ለመድረስ 8 ቀን ፈጀባቸው። ሐኪም ካያችሁ በኋላ መተኛትም ችግር የለውም። «ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አይተኛም» እያሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስነጉ ዘመዶች አሉ፤ አንጎል ግን እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ጨለማው ይብቃ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አመጣችልኝ። ጎረቤታችን መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደረበልኝ። ፍቅራቸው ትልቅ ነው። ነገር ግን ጨለማ ውስጥ የከረመ ዓይን ብርሃንን ይበልጥ ይፈራል። በኋላ ሳሎን መውጣት ራሱ ጭንቅ ይሆናል። ስለዚህ ብርድ ልብሱን አውርዱና ሳሳ ያለ መጋረጃ ብቻ ይኑር። ጀርባችሁን ለመስኮቱ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ሲለመድ በጎን ዙሩ፣ ቀጥሎ መጋረጃውን በጥቂቱ ክፈቱ።

ጥቁር መነጽርም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ከባድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮና ከነጭ ግድግዳ ላይ እየነጠረ የሚመጣው ብርሃን ጤነኛውንም ያስጨንቃል። ውጭ አድርጉት። ቤት ስትገቡ ግን አውልቁት፣ ያለዚያ ጨለማውን ፊታችሁ ላይ ይዛችሁ መዞራችሁ ነው። ቢሮ ውስጥ እኔን የጠቀመኝ ኬፕ ነው፤ ከጣሪያ የሚመጣውን ብርሃን ይጋርዳል። ወደ ሮዝ የሚያደላ ኤፍ ኤል 41 የሚባል የመነጽር ቀለምም አለ። ለአንዳንዶች በተለይ የፍሎረሰንትን መብራት ያለዝብላቸዋል። መነጽር ቤት ጠይቁ።

ፍሎረሰንት ካነሳን አይቀር፣ የድሮዎቹ ረዣዥም መብራቶች በእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን ባይለየውም የተጎዳ አንጎል ሊሰማው ይችላል። ከጠረጴዛዬ በላይ ያለውን አስጠፋሁና ወደ ግድግዳ የዞረ ትንሽ ቢጫ አምፖል አስቀመጥኩ። ማታ ደግሞ በኮሪደሩ ልማት መንገዶች ላይ ያሉት ባለ ቀለም መብራቶችና የማስታወቂያ ስክሪኖች አሉ። ታክሲ ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ኬፓችሁን ዝቅ አድርጉ። በሚሄድ መኪና ውስጥ ስልክ አትክፈቱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ስክሪን ያመኛል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ምኑ ነው የሚያማችሁ? ድምቀቱ ነው? ዓይን የማያየው መርገብገቡ ነው? የሚሮጠው ምስል ነው? ቅርብ ማየቱ ነው? ወይስ ማሰቡ ራሱ? መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ለዩት። በወረቀት የታተመ ገጽ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ርቀት አንብቡ። ወረቀቱም እኩል ካሳመማችሁ ነገሩ የብርሃን ብቻ አይደለም፤ ዓይኖቻችሁ ቅርብ ነገር ላይ አብረው ማነጣጠር ከብዷቸዋል፣ ወይም ማንበቡ አእምሯችሁን እያደከመው ነው። ወረቀቱ ደህና ከሆነ ድምቀቱን ወይም መርገብገቡን ጠርጥሩ። የቆመ ፎቶ ሳያስቸግራችሁ ፌስቡክ ወደ ታች ስታንሸራትቱ ካዞራችሁ ደግሞ ጥፋተኛው እንቅስቃሴው ነው። የእኔ ይሄኛው ነበር። ረጅም የኤክሴል ሠንጠረዥ በማውዝ ማንሸራተት ትቼ በኪቦርዱ ፔጅ ዳውን ቁልፍ አንድ ገጽ፣ አንድ ገጽ መዝለል ስጀምር ማቅለሽለሹ በጣም ቀነሰ።

ለድምቀት፦ ስክሪኑን ከክፍሉ ብርሃን ጋር አመጣጥኑ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደማቅ ስልክ መጥፎ ነው። ብራይትነሱን እስከ መጨረሻ ዝቅ ማድረግም ሁልጊዜ አይረዳም። ኦሌድ የሚባል የስክሪን ዓይነት ያላቸው ብዙ ስልኮች የሚደበዝዙት በፍጥነት በመጥፋትና በመብራት ስለሆነ ዝቅ ባለ ቁጥር መርገብገቡ ሊብስ ይችላል። ለማወቅ በሌላ ስልክ ስሎው ሞሽን ቅረጹት፤ የሚሄዱ ጥቁር መስመሮች ካያችሁ እሱ ነው። ያን ጊዜ ብራይትነሱን መካከለኛ አድርጉና አንድሮይድ ላይ ኤክስትራ ዲም፣ አይፎን ላይ ሪዱስ ዋይት ፖይንት የሚለውን አብሩ። ዳርክ ሞድ ለሁሉም አይስማማም። አስቲግማቲዝም (ከዓይን ቅርጽ መዛባት የሚመጣ የእይታ መደብዘዝ) ያለበት ሰው ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ይፈስበታል። ለእኔ የተሻለኝ ክሬም መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ነው፤ የኤክሴሉን ሴሎች ክሬም ቀባሁ፣ ዙሙንም 130 በመቶ አደረግሁት።

ለእንቅስቃሴ፦ ሴቲንግ ውስጥ አኒሜሽን አጥፉ። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ዝጉ። ቲክቶክ ከሁሉ መጨረሻ ይመለስ፤ ድምቀት፣ ሩጫና ጩኸት በአንዴ ነው የሚያመጣው። ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ማዳመጥ ይቻላል። የማይክሮሶፍት ኤጅ ብሮውዘር አማርኛ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት ድምፆች አሉት። ኢንተርኔት ይፈልጋል እንጂ ዓይን አይፈልግም።

መጠኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከመጀመራችሁ በፊት ሕመማችሁን ከ0 እስከ 10 ስጡት። በ2022 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡ የዘርፉ ባለሙያዎች ያስቀመጡት ልክ ጥሩ ነው፦ ሕመሙ ከ2 ነጥብ በላይ ካልጨመረና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከበረደ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ በማግስቱ ቀንሱ። በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ጀምሩ፣ የሰዓት ደወል ሙሉ፣ ሳያማችሁ አቁሙ። ከተሻላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። ረዘም ማለት ስትችሉ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር እዩ፤ የግቢውን በር ይሁን ዛፍ። ዓይናችሁንም አርገብግቡ፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ እንረሳለን። ከላፕቶፕ ወደ ስልክ መዞር ዕረፍት አይባልም።

ቢሮ ላይ «አሞኛል» ከማለት የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ፤ የሐኪም ወረቀት ይደግፋችኋል። እኔ ግማሽ ቀን መሥራት፣ መብራቱን ማጥፋትና ሰነድ በወረቀት ማግኘት ነበር የጠየቅኩት። የሥራ ባልደረባዬ እያተመችልኝ በማስመሪያና በእርሳስ አመሳከርኩ። ሰኔ 30 መዝጊያ ላይ ብትሆኑም ጠይቁ፤ ሒሳቡን ሌላ ሰው ይዘጋዋል።

ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ በየቀኑ ቀስ ብሎ በእግር መሄድ ማገገምን ያፋጥናል። ባዶ ሆድ ራስ ምታት ስለሚያባብስ ጿሚ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የራስ ምታት ክኒን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ መዋጥ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ወር ካለፈ ግን የዓይንና የነርቭ ሐኪም እዩ። ከመሄዳችሁ በፊት እርሳስ ፊት ለፊት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ አፍንጫችሁ አቅርቡት። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ እያለ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ንገሯቸው፤ የዓይን አነጣጠር ችግር ሊሆን ይችላል፣ ማስተካከያ ልምምድም አለው። ከ0 እስከ 10 የመዘገባችሁበትን ደብተርም ይዛችሁ ሂዱ። ለአጭር የምርመራ ሰዓት ከምትናገሩት ይልቅ እሱ ብዙ ይነግራቸዋል።