መግል የሚፈስ የልጅ ጆሮ፦ ኢንዛይሙን አውቆ ማከም

ከሁሉ አስቀድሞ ከጆሮው ጀርባ ያለውን አጥንት በጣት ጫን አድርጉ። አብጦ ልጁን ካመመው የቤት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። እብጠት ከሌለ ቀን ቁጠሩ። መግል መፍሰስ ከጀመረ 14 ቀን ካልሞላው አጣዳፊ ነው፤ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው ሥር የሰደደ ነው። ባክቴሪያዎቹ ስለሚለያዩ መድኃኒቱም ይለያያል።

አጣዳፊው ብዙውን ጊዜ ጉንፋንን ተከትሎ ይመጣል። ከአፍንጫ ጀርባ አድፍጦ የከረመው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ፣ ኒውራሚኒዴዝ በሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ከንፍጡና ከሴሎቹ ገጽ ላይ ሳያሊክ አሲድ የተባለውን ስኳር እየቆረጠ ያነሳል፤ የሚጣበቅበት ቦታም ይገለጥለታል። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛም (ስሙ ያሳስታል እንጂ ቫይረስ አይደለም) ሆነ ኒሞኮከስ በሌላ ኢንዛይም ንፍጥ ውስጥ ያለውን አይጂኤ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ወገቡ ላይ ይበጥሱታል። ከአፍንጫ ወደ መሐል ጆሮ የሚወስደው ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ የቀረው መንገድ ቀላል ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት አሞክሳሲሊን ነው፦ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ5 ቀን። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 480 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ ወደ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ 125 ከተጻፈ ያው 10 ሚሊ ሊትር የሚፈለገውን ግማሽ ብቻ ይሰጣል፤ መለያውን ሳያነቡ መስጠት ብዙ ሕክምና ያበላሻል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ፤ የሻይ ማንኪያ አይታመንም።

በ2 ወይም በ3 ቀን ካልተሻለው ቤታ ላክታሜዝ የተባለውን መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም ጠርጥሩ። ሞራክሴላ ካታራሊስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ሄሞፊለስ ደግሞ ከፊሉ ይህን ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ በአሞክሳሲሊን ሞለኪውል ውስጥ ያለውን ቀለበት ሰብሮ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል፣ አጠገቡ ያለውን ጎረቤት ባክቴሪያም ሊያስጥል ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያው ስትመለሱ ባለሙያው ክላቩላኒክ አሲድ ያለበትን አሞክሳሲሊን ሊያዝ ይችላል፤ ኢንዛይሙ ላይ ተጣብቆ የሚያስረው እሱ ነው። ኒሞኮከስ ግን ቤታ ላክታሜዝ የለውም። የሚቋቋመው መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ፕሮቲን ለውጦ ስለሆነ፣ ለእሱ የሚረዳው የአሞክሳሲሊኑን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። በራስ ፈቃድ ክላቩላኒክ ያለበትን ሽሮፕ እጥፍ መስጠት ትርፉ ተቅማጥ ነው። ክላቩላኒክ እርጥበት ላይ ቶሎ ስለሚበላሽ የተበጠበጠው ሽሮፕ ፍሪጅ ይቀመጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ቀን በኋላ ይደፋል።

ሥር በሰደደው ላይ ዋናው ሥራ ማድረቅ ነው። እዚህ ፕሴውዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ይበዛል፤ ኢላስቴዝና ሌሎች ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞቹ የመሐል ጆሮውን ሥጋ ይበላሉ፣ እርጥበትም ይመቸዋል። መግሉ እስካለ የሚታዘዘው የመድኃኒት ጠብታ ውስጥ አይደርስም። ያረጀ ነጠላ ቁራጭ አጥባችሁ፣ ቀቅላችሁና አድርቃችሁ ጫፉን እንደ ጧፍ ክር ጠቅልሉት። ጆሮው ውስጥ አስገቡ፣ ሲርስ አውጡ፣ በደረቅ ተኩ፤ የመጨረሻው ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። በቀን 3 ጊዜ። ሶፍት ተበጣጥሶ ውስጥ ይቀራል፤ ክብሪት እንጨትና የጆሮ ኩክ ማውጫ ታምቡሩን ይጎዳሉ። ዘይት፣ ቅቤ፣ የጤና አዳም ጭማቂ አይጨመር፤ ሲታጠብም ውሃ አይግባበት።

ከደረቀ በኋላ የታዘዘውን የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ2 ሳምንት ጨምሩ። ቀለበቱ የተለየ ስለሆነ ቤታ ላክታሜዝ አይነካውም። ብልቃጡን በመዳፍ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ያዞራል። ልጁን በጎኑ አስተኙና ጆሮውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ ከጨመራችሁ በኋላ ከጆሮው ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ ደጋግማችሁ ጫን ጫን በሉ። ታምቡሩ ተበስቶ ሳለ ቤት የተረፈ የጄንታማይሲን ጠብታ አትጠቀሙ፤ የውስጥ ጆሮን የመስሚያ ሴሎች ሊጎዳ ይችላል።