በመልሶ ማልማት ድርድር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ መልሶ ማልማት ሥራ በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በነዋሪዎች መካከል ለዓመታት ስመላለስ ከሁሉም በላይ ያስመረረኝ ስህተት ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሕዝብ ሰብስቦ «ውይይት ተደረገ» ማለት ነው። ፕላኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ነዋሪው ከሰፈሩ የሚነሳበት ቀን ይነበባል፣ ከዚያም በስብሰባው መገኘትን ብቻ በሚያሳይ ቅጽ ላይ የሰፈረው ፊርማ የስምምነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ግን ዜጎች በልማት የመሳተፍና ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ሐሳብ ሊጠየቅ የሚገባውም ቀኑና ቦታው ገና ሊለወጡ በሚችሉበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቤቱን ቆጥሮ ኑሮውን መዘንጋት ነው። እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ ምግብ ቤቶች ያስረክቡ የነበሩ አንዲት እናት ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ምጣዳቸው በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። «ቤቱስ ጥሩ ነው ልጄ፣ ደንበኞቼ ግን እዚያው ቀሩ» አሉኝ። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ሳቢያ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም ተመጣጣኝ ማካካሻ እንደሚገባቸው ስለሚናገር፣ የገበያ ቦታና የትራንስፖርት ጥያቄ ከቤቱ ጥያቄ እኩል ጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለበት።

ሦስተኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። የተነሺዎችን ዝርዝር ስናዘጋጅ የቀበሌ ቤት ውል ያላቸውን ብቻ መዘገብኩ፤ በጓሮ ክፍል በደባልነት ሁለት ልጆች ታሳድግ የነበረች የቀን ሠራተኛ ከዝርዝሩ ወጣች፣ ያወቅሁትም ቤቱ ሊፈርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ በር በር አንኳኩቼ «እዚህ የሚያድረው ማን ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ ዝርዝር አልፈርምም።

በ10/90 መርሐ ግብር፣ ማለትም 10 በመቶው ቀድሞ ተከፍሎ ቀሪው 90 በመቶ በባንክ ብድር በሚሸፈንበት የኮንዶሚኒየም አሠራር፣ ቅድሚያ ክፍያው ለማንም አይከብድም ብሎ ማሰብም ስህተት ነው።

ለነዋሪው የምንቆም ሰዎች ደግሞ «አንነሳም» የሚል ቃል ብቻ ይዘን መግባታችን ብዙ አስከፍሎናል። እምቢታው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ኃላፊው ሊቀበለው የሚችል የተጻፈ አማራጭ ከሌለን ግን ስብሰባው ሲበተን የቀድሞው ውሳኔ እንዳለ ይጸናል። በአንድ ሰፈር የእድር ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ብቻ ጽፈው አቀረቡ፤ ልጆች የትምህርት ዓመቱን እስኪጨርሱ መነሻው ይቆይ፣ የአንድ እድር አባላትም በአንድ ብሎክ ይመደቡ። የመጀመሪያው ተፈቀደ፤ ለሁለተኛው ቃል ተገባላቸው፣ በቃለ ጉባኤ ግን አልሰፈረም፤ ዕጣው ሲወጣ ጎረቤታሞቹ በሦስት ሳይት ተበተኑ።