በእጅ የተሠራ የመስታወትና የናስ የግድግዳ መብራት አያያዝ

በእጅ የተሠራ የናስ መብራትን ከአቧራ ይልቅ የሚጎዳው ያለ ዕውቀት የሚደረግ ጽዳት ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ማጽጃ ከመነካቱ በፊት የናሱን ዓይነት መለየት ይገባል። በመጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ በመሆኑ በማግኔት አይሳብም፤ ከተሳበ ግን ውስጡ ብረት ነው ማለት ነው፣ ላዩ ላይ ያለው የናስ ቅብም ስስ ስለሆነ ቢፈገፈግ ይለቃል። ቀጥሎም በጀርባው በኩል የማይታይ ቦታ መርጠው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት የናስ ማጽጃ አድርገው ይሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ናሱ ምንም አልተቀባም፤ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ግን መከላከያ ቫርኒሽ አለው፣ ስለዚህ በለስላሳ ጨርቅ ከማበስ ያለፈ ምንም አያስፈልገውም።

ያልተቀባ ናስ በጊዜ ብዛት ይወይባል። ብዙ ሰው በሎሚና በጨው ያሸዋል፤ ያበራዋል፣ ነገር ግን ሳይታጠብ ከቆየ አሲዱ ዚንኩን እየሸረሸረ መዳቡን ስለሚያስቀር ናሱ ወደ ሮዝ ያደላ መልክ ይይዛል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ደግሞ ናስን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ለናስ የተዘጋጀ ማጽጃ በጥቂቱ ተጠቅሞ፣ በደንብ ጠርጎ፣ በመጨረሻ ስስ ሰም መቀባት ይበቃል። በቅርጹ ስርጉድ ውስጥ የተኛውን ጥቁረት ግን እኔ እንዲቀር እመርጣለሁ፤ የባለሙያው መሮ ያለፈበትን መስመር አጉልቶ የሚያሳየው እሱ ነውና።

መስታወቱን ለማውረድ መብራቱን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ኃይሉን ከብሬከሩ ያቋርጡና አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በአንድ እጅ መስታወቱን ከሥር ደግፈው በሌላው ብሎኖቹን ያላሉ። ከዚያም ፎጣ በተነጠፈበት የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይጠቡት። በአፍ የተነፋ መስታወት ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል፤ በውስጡ የሚታዩት ትንንሽ የአየር አረፋዎች ግን የእጅ ሥራነቱ ምልክት እንጂ ጉድለት አይደሉም። ቀለም የተቀባ ወይም ወርቅ የተለበጠ መስታወት ከሆነ በውኃ አይዘፍዝፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይዳብሱት።

መልሶ ሲገጠም ጥንቃቄ የሚፈልገው ብሎኑ ነው። ናስ በሙቀት ከተራ መስታወት በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥና ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ስለሚኮማተር፣ አጥብቀው ያሠሩት ብሎን መስታወቱን አንገቱ ላይ ይሰነጥቀዋል። በካቻቢቴ ሳይሆን በጣት እስኪነካ ብቻ አጥብቀው፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመልሱት፤ መስታወቱ በጥቂቱ ቢንቀሳቀስ ትክክል ነው። አምፖሉም በመያዣው ላይ ከተጻፈው ዋት መብለጥ የለበትም፤ ከተቻለ ሙቀቱ አነስተኛ የሆነ ኤልኢዲ ይሁን።